በረዶውን ቀድማችሁ አንሱ

የመመረቂያ ጥናቴ በጉበት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሰውነትን በመጠኑ ማቀዝቀዝ ጉበቱን ይጠብቀዋል ወይ የሚል ነበር። የሠራሁት ሱሉልታ ነው፣ በበጎች ላይ።

ጉበት ሲቆረጥ ደም እንዳይፈስ ወደ ጉበቱ የሚገቡት የደም ሥሮች ለጊዜው ይያዛሉ። ፕሪንግል የሚባል ሐኪም በ1908 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዘዴ ነው። 15 ደቂቃ ተይዞ 5 ደቂቃ ይለቀቃል። በዚያ መሀል ጉበቱ ኦክስጅን ያጣል፣ ደሙ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል። የቀዘቀዘ ጉበት ግን የሚፈልገው ኦክስጅን ያንሳል።

ፈቃዱ፣ በግ ግዢው፣ ማስጾሙ፣ ሰመመኑ ያለ ችግር አለፈ። በጉ የሚቀዘቅዘው በበረዶ ስለሆነ ፀጉሩን በደንብ ሸልቱ፣ በረዶ በፀጉር ላይ አይሠራም።

ያቃጠለኝ ሙቀት መለኪያው ነው። ጉሮሮ አልፎ ልብ አጠገብ የሚደርሰውን ስጠይቅ ግዢ ክፍል ሦስት ጊዜ መለሰኝ። መጀመሪያ «ስፔሲፊኬሽኑ ይስተካከል»፣ ቀጥሎ «በጀቱ ተዘግቷል»፣ ከዚያ ፊርማ ጎደለ ተባለ። ተሰላቸሁና በፊንጢጣ የሚገባውን ይዤ ጀመርኩ። ይሄ የማንም ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነው።

የጤነኛ በግ ሙቀት 39 ገደማ ነው፣ እኔ የፈለግኩት 34። መለኪያው 36 ላይ አልንቀሳቀስ አለኝ። በረዶ ጨመርኩ። 34 ሲል ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የጥናቱ የአሠራር ዕቅድ፣ እንደሚያዘው በረዶውን አነሳሁ። 33 አለ። 32። መለኪያውን ሳወጣው ጫፉ በበጠጥ ተሸፍኗል። ለካ እስካሁን ስለካ የቆየሁት የበጠጡን ሙቀት ነው፣ ደሙ ቀድሞ ቀዝቅዟል! በረዶው ከተነሳ በኋላም የቀዘቀዘው ቆዳና ሥጋ ውስጡን ማቀዝቀዙን ይቀጥላል።

የተቆረጠው ገጽ ላይ ደም እንደ ላብ ችፍ ማለት ጀመረ። በፋሻ ብንጫን፣ ብንሰፋ አልቆመም። ብርድ የደም መርጋትን እንደሚያዛባ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሙቅ ውሃ በጄሪካን ሲያመላልሱልን የነበሩት ዘበኛ «በቃ ልጄ፣ አትድከሚ» አሉኝ። በጉ ሞተ።

ስለዚህ ፕሮቶኮሉ 34 ይበል እንጂ በረዶውን 35 ተኩል ላይ አንሱ፣ የቀረውን ራሱ ይወርዳል። ትክክለኛው መለኪያ ከሌለ አማካሪያችሁ ቢቆጣም አትጀምሩ። ማሞቂያውን ከበረዶው በፊት አዘጋጁ። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የታካሚ ሙቀት ከ36 በታች አይውረድ የሚለው መመሪያ ያለ ልክ መፍራት ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም፣ ለጉበት ግን በሩ ባይዘጋ እላለሁ።

መለኪያው የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የቀጣዩን በግ የደም ሥሮች 34 ላይ ሁለት ዙር ያዝን። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ በጉ ቆሞ ድርቆሽ ይበላ ነበር።