ለገ ኦዳ ላይ ያፈሰስነው ውሃ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው።

ባለፈው ጥር ከመሥሪያ ቤት የተሰባሰብን 14 ሰዎች የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች አየን። ከድሬዳዋ በደቡብ ምዕራብ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ያለ መኪና ተከራየን፣ አስጎብኚ ያዝን፣ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳን። ውሃና ኮፍያ በብዛት ያዙ። ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፤ ሙቀቱም አያስችልም፣ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ አስጎብኚውም ልቡ ከተማ ነው።

የፈቃድ ደብዳቤው ሁለት ቀን ፈጀብን። መጀመሪያ ፊርማ እንጂ ማህተም አልነበረውም። ማህተም ያዧ ስብሰባ ላይ ናት ተባልን። የ14 ሰው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ኮፒ አስገባን። በደብዳቤው ላይ ስለ እኛ ያልተጻፈ ነገር የለም። ሥዕሉ ላይ ምን ማድረግ እንደማይቻል ግን አንድ መስመር አልነበረውም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ቦታው ጥልቅ ዋሻ አይደለም። ገደሉ ሥር 70 ሜትር ያህል የተዘረጋ ጥላ ነው። ግድግዳው ላይ ወደ 600 የሚጠጉ ምስሎች አሉ፦ ከብቶች፣ ላታም በጎች፣ ሰዎች። አብዛኞቹ በቀይ አፈር የተሳሉ ናቸው። ከብት ጠብቆ ያደገ ባልደረባችን ቀርቦ አየና «ሻኛ የላቸውም እኮ!» አለ። እውነቱን ነው። መንገድ ላይ ያየናቸው በሬዎች በሙሉ ሻኛ ነበራቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆምን።

ከዚያ አንዲት ልጅ ፎቶዋ ደብዝዞ ወጣባት። አስጎብኚው ሃይላንዱን ከፈተ። «አቦ ችግር የለም፣ ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው» አለና ግድግዳው ላይ አፈሰሰ። ቀዩ ወዲያው ደመቀ። ገና ትናንት የተሳለ መሰለ። ሁላችንም «ዋው» አልን። እኔ የስልኬን መብራት ይዤለት ነበር። ሁለተኛዋን ላም ሲያረጥብ ደግሞ ውሃው አለቀበት፤ የራሴን ሃይላንድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ከላሟ እግር ሥር ቀላ ያለ ጠብታ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። አፈር ነው ብዬ አለፍኩት።

ስንወጣ አንድ ፍየል የሚጠብቁ አባት ገብተው ግድግዳውን አዩ። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ። ሾፌሩ ተረጎመልን፤ «ማነው ያጠባቸው?» ነው ያሉት። የመለሰላቸው የለም።

ከተመለስን በኋላ ቅርስ ጥገና የተማረ ዘመዴን ጠየቅኩ። ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፤ ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ቀለሙንም እያነሳ ያራግፋል። ሥዕሎቹ ከዓመት ዓመት የሚደበዝዙትም በከፊል እንደኛ ያለ ጎብኚ ሲያረጥባቸው ነው። ቅርስ መጉዳት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ነገሩን ሲያስረዳኝ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

«አስጎብኚው የሚላችሁን ስሙ» ይባላል። እኔ አልስማማም። መንገድ ላይ ስሙት፣ ሥዕሉ ፊት ግን እጁን ያዙት። መኪና ከመነሳቱ በፊት ውሃ እንደማይፈስ፣ ሥዕል እንደማይነካ በግልጽ ተነጋገሩ፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሰው ፊት መከልከል ይከብዳል። ከስምንት ሰው በላይ ባትሆኑም ይመረጣል። እኛ 14 ሆነን ያስነሳነው አቧራ ብቻውን ይበቃ ነበር። ፎቶው ከደበዘዘባችሁ ባትሪውን ከጎን አብሩ፣ ወይም ቤት ገብታችሁ ቀዩን በስልክ ከፍ አድርጉት። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዲስትሬች የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ ዓይን የማያየውን ቀለም ያወጣል።

ደብዳቤውን ወደ ሰጠን ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የምጠይቀው አንድ መስመር እንዲጨምሩ ብቻ ነው፦ «ሥዕሉ ላይ ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው»። ሐሙስ ኃላፊው ይገባሉ ብለውኛል። ሐሙስ እሄዳለሁ።