ቃጭል የሚደውለው አሰልጣኝ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሜዳችንን አሰመርኩ። ሥሩ በሚስማር የተበሳሳ የወተት ዱቄት ጣሳ አለኝ። ኖራ እሞላበትና አጎንብሼ እያራገፍኩ እሄዳለሁ። ከጣና ንፋስ ሳይነሣ መጨረስ አለብኝ፤ ከተነሣ ኖራው ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሳሰምር ሁሌ ኤዲ ሮቢንሰን ትዝ ይለኛል። የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ነበር፤ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ። የእኩል አራሽ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 1941፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ሉዊዚያና ግራምብሊንግ የሚገኝ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ቀጠረው። ደሞዝ የሚከፈለው ረዳት አልነበረውም። ሳሩን እሱ ያጭዳል፣ መስመሩን እሱ ያሰምራል፣ የልጆቹን ቁርጭምጭሚት እሱ ያስራል፣ የጨዋታውን ዘገባም ለጋዜጣ እሱው ይጽፋል። በመጀመሪያው ዓመት 3 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። በሁለተኛው 9 ተጫውቶ 9ኙንም አሸነፈ፤ አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም።

እዚያው ኮሌጅ እስከ 1997 ቆየ። 408 ጨዋታ አሸነፈ። ከ200 በላይ ልጆቹ ፕሮፌሽናል ሆኑ። ከነሱ አንዱ ዳግ ዊሊያምስ፣ በ1988 ቡድኑን መርቶ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው፤ ኳርተርባክ ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ቃጭሉ ነው። ከብት አንገት ላይ የሚታሰረው ዓይነት። ሮቢንሰን ማለዳ ማለዳ በልጆቹ ማደሪያ እሱን እየደወለ ያልፋል። ለልምምድ አይደለም። ተነሥተው ክፍል እንዲገቡ ነው።

ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ግራኝ የመስመር አጥቂ ነበረኝ። ፈተና ደርሶ ሳለ ለሙከራ ጠሩት። «ሂድ፣ ፈተናው ይደርሳል» ያልኩት እኔ ነኝ። ጉልበቱን ተጎድቶ ተመለሰ፤ ትምህርቱንም አልቀጠለ። አሁን ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይቆማል። «ኮች፣ ግባ ላድርስህ» ይለኛል። ሒሳብ አልቀበልም ይላል። እሱ ነው የሚከብደኝ።

ዘንድሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ 1 ሰዓት ሳይሞላ በሳይክሌ እወጣለሁ። ከሽምብጥ ተነሥቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ እስከ ዓባይ ማዶ። በየልጆቹ ደጅ ደወሏን ሁለቴ ችርር አደርጋለሁ። ትናንት የበረኛችን እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

«ኮች፣ ተነሥቷል። ደብተሩን እየፈለገ ነው» አሉኝ።

እስኪወጣ ሳይክሌን ተደግፌ ጠበቅኩት።