ቀንድ አውጣ፣ አሲድና የጅማ መብራት

ጅማ ውስጥ የውሃ ቀንድ አውጣ ፕሮቲን ልትለኩ ያሰባችሁ ካላችሁ ስለ መብራቱ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለኔ የነገረኝ የለም።

በቬትናምና በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ሰው አብስሎ ይበላዋል። እዚህ ግን "ልትበላው ነው እንዴ?" እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ያሰብኩት ለዶሮ መኖ ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ዋጋ አላስቀምጥ ብሎኝ።

ቦዬ ረግረግ ዳር ለቀምኩ። ጓንትና ቦት ጫማ ግድ ነው፤ ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በውሃ ቀንድ አውጣ ነው። አንጀቱ እንዲጸዳ ንጹህ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ቀቅዬ ከቅርፊቱ አወጣሁ፣ አድርቄ ፈጨሁ። እስከዚህ ሰላም።

ጣጣው የመጣው ኬልዳል ላይ ነው። ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ለቢራ እህል ብሎ ያወጣው ዘዴ ነው፤ ፕሮቲኑን የሚገምተው ናይትሮጅኑን ለክቶ ነው። ዱቄቱን በሰልፈሪክ አሲድና በጨው 400 ዲግሪ ገደማ ላይ ታፈሉታላችሁ። ጠርቶ እስኪወጣ ሙቀቱ መቋረጥ የለበትም።

ገና ጠቁሮ አረፋ ሲያወጣ መብራት ድርግም! ጭስ መምጠጫው ቆመ። ነጩ የአሲድ ጭስ ክፍሉን ሞላው። እየሳልኩ ኮሪደር ስወጣ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? የጄኔሬተር ድምፅ። ቢሮዎቹ ቦግ ብለዋል፣ የአንዱ ኃላፊ ቴሌቪዥን ሳይቀር። ላብራቶሪው ግን መስመሩ ውስጥ የለም። ብጠይቅ "ጄኔሬተሩ ለአስተዳደር ነው፤ ደብዳቤ አስገባ" ተባልኩ። አስገባሁ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ከርሞ "በጀት ሲፈቀድ ይታያል" ተብሎ ተመለሰ። ሰው በአሲድ ጭስ እየታፈነ በጀት! አሁንም ያንገበግበኛል።

የላቡ መመሪያ "መብራት ሲመጣ ቀጥል" ይላል። እንዳትሰሙት። ሲቀዘቅዝ ጨው ይረጋል። ደጋግማችሁ ስታሞቁት አሲዱ እየተነነ ያንሳል፣ የጨው ድርሻ ይበዛል፣ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፤ ናይትሮጅኑም አብሮ ይበናል። በመመሪያው መሠረት የቀጠልኳቸው ሁሉ ዝቅ ያለና እርስ በርሱ የማይስማማ ቁጥር ሰጡኝ። በደንቡ አስወግዳችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ። ከናሙናው ጎን ግላይሲንም (የናይትሮጅን መጠኑ የታወቀ አሚኖ አሲድ) አፍሉ። ናይትሮጅኑ 18.66% ነው፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ችግሩ ከቀንድ አውጣው አይደለም።

መፍትሔው ሌሊት መሥራት ሆነ፤ ያኔ መብራቱ ይረጋጋል። ደንቡ "ሌሊት ብቻህን አትሥራ" ይላል። ዘበኛውን "ጋሼ" እያልኩ ለምኜ በር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እንግዲህ ብቻዬን አልነበርኩም። ግላይሲኑ ልኩ ላይ ያረፈ ለት ሮጬ አቀፍኳቸው።

ፕሮቲኑን ለማግኘት ናይትሮጅኑን በ6.25 ማባዛት የተለመደ ነው። ግን ከፕሮቲን ውጭ ያለ ናይትሮጅንም አብሮ ይቆጠራል፤ እኔ የናይትሮጅኑንም የፕሮቲኑንም ቁጥር ነው የጻፍኩት። አማካሪዬ "ምን ያደርጋል?" ቢለኝም አልሰረዝኩም። መቶኛውም የደረቅ ይሁን የእርጥብ አጠገቡ ይጻፍ። እርጥቡ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ የደረቁን ቁጥር ይዞ እርጥቡን የሚገዛ ዶሮ አርቢ ገንዘቡን ለውሃ ነው የሚከፍለው።