የባቡር ሰራተኞቹ ቡድን፣ ኮሎምበስ ፓንሃንድልስ

ኮሎምበስ ኦሃዮ ያላችሁ ሀበሾች ይሄን ታሪክ ስንቶቻችሁ እንደሰማችሁት እንጃ። እኔ የሰማሁት ዌርሃውስ ውስጥ ነው፣ ናይት ሺፍት አብሮኝ የሚሰራ ሸምገል ያለ ፈረንጅ አለ፣ ፎርክሊፍት ነጂ፣ ምሳ ብሬክ ላይ (ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚበላው ነገር ምሳ ከተባለ) ሳንዱቹን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ስለ አሜሪካን ፉትቦል (በእጅ ስለሚያዘው ኳስ) ማውራት ይጀምራል። አንዴ አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ይሰራ እንደነበር ስነግረው ዓይኑ በራ፣ "እንግዲያው ፓንሃንድልስን ማወቅ አለብህ" አለኝ።

ለካ የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ ፓንሃንድል የሚባል መስመር ነበረው፣ ቡድኑ የዛ መስመር ሰራተኞች ናቸው። እንደኛ መብራት ኃይልና ጥጥ ማህበር በሉት፣ ሰራተኛውም ተጫዋቹም አንድ። በ1907 ጆ ካር የሚባል ሰው ቡድኑን እንደ አዲስ አቋቋመው፣ እሱም ባቡር ኩባንያው ውስጥ ማሽን ላይ የሚሰራ፣ ጎን ለጎን ጋዜጣ ላይ ስፖርት የሚጽፍ ነው። የዘንድሮ ሰው ሁለት ስራ ያዝኩ ብሎ ያማርራል!

ከተጫዋቾቹ የታወቁት ኔሰር የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ እስከ ስድስት ሆነው የተሰለፉበት ጊዜ አለ፣ ስራቸው የባቡር ቦይለር መስራት ነው፣ ሳምንቱን ብረት ሲቀጠቅጡ ይቆያሉ፣ ልምምዱ በምሳ ሰዓት እዛው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ከስራ ወጥተው ባቡር ይሳፈራሉ፣ እሁድ ሌላ ከተማ ሄደው ሰው ይጥላሉ፣ ይጣላሉ፣ ሰኞ ጠዋት ተመልሰው መዶሻቸውን ያነሳሉ። እኔ ኦቨርታይም የሰራሁ ለት ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ 1921 ላይ ቴድ ኔሰር ከገዛ ልጁ ከቻርሊ ጋር በአንድ ቡድን መጫወቱ ነው፣ ዛሬ ኤንኤፍኤል በሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ታሪክ ይሄን ያደረገ ሌላ አባትና ልጅ የለም። ለልጄ ይሄን ስነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳቀ።

የካር ብልጠት የት ጋ መሰላችሁ? ሰራተኛ ስለሆኑ ባቡር በነጻ ነው የሚሄዱት። ኮሎምበስ ውስጥ ሜዳ ተከራይቶ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ብቻ ከሚወድ ህዝብ ትኬት ከመለመን፣ ቡድኑን ባቡር ላይ ጭኖ ሰው አገር እያጫወተ ድርሻውን ይቀበላል፣ የትራንስፖርት ወጪ ዜሮ። አባቴ ቢሰማ "ይሄማ ከከዚራ (ከድሬዳዋው ሰፈር) ነው" ይል ነበር።

1920 ሊጉ ሲጀመር እነሱም ነበሩበት። ኦክቶበር 3 ዴይተን ላይ ከትራያንግልስ ጋር ያደረጉት ጨዋታ በሊጉ አባላት መካከል ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ 14 ለ 0 ተሸነፉ። ከዛ በኋላም ቢሆን ብዙ የሚያኮራ ውጤት የለም፣ ኔሰሮቹ አርጅተዋል፣ ሌላው ቡድን የኮሌጅ ኮከብ እየቀጠረ ነው፣ 1922 ላይ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታ ተሸንፈው ስማቸው ቀረ። በቦታቸው ታይገርስ የሚባል ቡድን መጣና እሱም 1926 ላይ አበቃ።

ካር ግን አልቀረም። 1921 ላይ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፣ ኮሌጅ ያልጨረሰ ተማሪ እንዳይወሰድ አጥብቆ ያዘ፣ ትናንሽ ከተማ ላይ ተበትኖ የነበረውን ሊግ ወደ ትልልቅ ከተማ አዞረው፣ 1925 ኒውዮርክ ጃይንትስን ያስገባው እሱ ነው። እስከሞተበት እስከ 1939 ድረስ ይሄን ሁሉ የሚመራው ከዚሁ ከኮሎምበስ ሆኖ ነው። ከተማዋ ራሷ ግን ከታይገርስ ወዲህ የኤንኤፍኤል ቡድን የላትም፣ ዌርሃውሳችን ውስጥ ግማሹ ክሊቭላንድን ግማሹ ሲንሲናቲን ይዞ ሲጨቃጨቅ ያድራል።