እንቢ ያለው ቅጠል

የእህቴ ልጅ የቅጠል ጅማት አሳይታ እንድታቀርብ ታዘዘች። «ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ። እንዲህ ተጠይቆ «አላውቅም» የሚል አጎት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጊቢ ወጥተን ለቀማ ጀመርን። የበቆሎ ቅጠል ይዤ ከላይ እስከ ታች ሸረከትኩት። «አየሽ፣ ቀጥ ብሎ የተቀደደው ጅማቶቹ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ነው። ዘሩ እንደ ባቄላ ለሁለት አይከፈልም፤ ባለ አንድ ክክ ነዋ!» የማንጎው ሌላ ነው፤ መሃሉን አንድ ወፍራም ጅማት ይሰነጥቀዋል፣ ከግራና ቀኝ የሚወጡት ቀጫጭኖች ደግሞ እንደ መረብ ይያያዛሉ። የፓፓያው ጅማት እንደ እጅ ጣት ይዘረጋል። ጽጌረዳው ጋ ስንደርስ «አምስት ቅጠል!» ብዬ ቆጠርኩ።

«አንድ ነው» አለች። «ቅጠል ሥሩ ላይ እምቡጥ አለው፤ እዚህ እምቡጡ ያለው አምስቱን የያዘው አገዳ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። እነዚህ አምስቱ ሥር የታለ?»

የለም። ክብሬ ተነካ።

ለማካካስ ሳሎን ገብቼ ከእህቴ ተክል አንድ የሚያምር ሰፊ ቅጠል ሰረቅኩ። ያብረቀርቃል። «ይኼ ሰም ነው፣ ውሃው እንዳይተንበት» ብዬ አብራራሁ። በጣም አብራራሁ።

ከዚያ ቅጠሎቹን ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍን። ለስላሳው ክፍል በስብሶ ሲያልቅ ጠንካራው ጅማት ብቻውን ይቀራል። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ሽታውን ተዉት፣ ባልዲው ሁለት ጊዜ ከቤት ተባሯል። ማንጎውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርገን ስናሸው ግን ዳንቴል የመሰለ መረብ ወጣ። ሁለታችንም ጮህን።

የሳሎኑ ቅጠል እንዳለ ነው። አረንጓዴ። አልሸተተም እንኳ።

«ጠንካራ ዝርያ ነው» አልኩና ድስት ውስጥ ጥጄ መቀቀል ጀመርኩ። ስልክ ሳወራ ውሃው አለቀ። ቤቱ በጭስ ታፈነ። እህቴ እየሳለች መጣች፣ ድስቱን ከፈተች፣ ትንሽ አየች።

«የላስቲክ አበባዬን ነው የምትቀቅለው?»

ልጅቷ ካርቶኑን ስታቀርብ አጠገቧ ነበርኩ። ከበቆሎው በታች «ባለ አንድ ክክ»፣ ከማንጎው በታች «ባለ ሁለት ክክ» ብላ ጽፋለች። ጥግ ላይ የተጨማደደ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። ከሥሩ፦ «የጋሼ ቅጠል። ክክ የለውም።»