የሳምንቱ ልምምድ፦ የአንድ ድርሻ ፈተና በሜንዴል አተር

ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት ከ253 ድቅል የአተር ተክሎች 7324 ዘር ሰብስቧል፤ 5474ቱ ክብ፣ 1850ው የተጨማደዱ ነበሩ። ከአራት ሦስቱ ክብ መሆን አለበት ከሚለው ሐሳብ ጋር ይስማማል?

ባዶ መላምቱ (የሚፈተነው መነሻ ሐሳብ)፦ የክቦቹ ድርሻ 0.75 ነው። አማራጩ፦ 0.75 አይደለም። ፈተናው ባለ ሁለት ጎን (ከ0.75 መብለጥም ማነስም ይቆጠራል)፣ አልፋ (ባዶ መላምቱ ውድቅ የሚሆንበት ወሰን) 0.05። ይህ ሁሉ ከስሌቱ በፊት ይጻፍ፤ ውጤት አይቶ ወደ አንድ ጎን መዞር ፒ-ቫልዩውን (ባዶ መላምቱ እውነት ቢሆን ቢያንስ ይህን ያህል የራቀ ውጤት የመገኘት ዕድል) ያለ አግባብ በግማሽ ይቀንሰዋል።

መደበኛ ስህተቱ (ድርሻው በአጋጣሚ ከናሙና ናሙና የሚለዋወጥበት መጠን) 0.75 × 0.25 ÷ 7324 ተብሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 0.00506 ነው። የናሙናው ድርሻ 0.7474 ስለሆነ ዜድ (ከመላምቱ ያለው ልዩነት በመደበኛ ስህተቱ ሲካፈል) −0.51፣ ፒ-ቫልዩ 0.61 ይሆናል። ከ0.05 ስለሚበልጥ ባዶ መላምቱን ውድቅ ማድረግ አይቻልም። ሕጉ ተረጋገጠ ግን አይባልም፦ 0.74 ብለን ብንነሳም ያልፍ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መደበኛ ስህተቱ ላይ ነው። የናሙናውን ድርሻ ያስገባሉ፤ እሱ ለኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ድርሻ የሚገመትበት ክልል) ነው። እዚህ የሚገባው የመላምቱ ድርሻ ነው፤ ምክንያቱም ፒ-ቫልዩ የሚሰላው ባዶ መላምቱ እውነት ነው ተብሎ ነው። በ7324 ዘር ስህተቱ አይታይም። ሳንቲም 40 ጊዜ ተጥሎ 26 ጊዜ ዘውድ ቢወጣ ግን ትክክለኛው ስሌት ዜድ 1.90፣ ፒ 0.058 ይሰጣል፤ የተሳሳተው 1.99 እና 0.047። ውሳኔው ተገለበጠ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋው የመነሻው ድርሻ ራሱ ሲሳሳት ነው፤ ካልኩሌተር አይይዘውም። ሜንዴል ዶሚናንት ባሕርይ (በድቅል ላይ ጎልቶ የሚታየውን) ካሳዩ 600 ተክሎች ንጹሕ ዘር (ልጆቻቸው ሁሉ ያንኑ ባሕርይ የሚያሳዩ) ናቸው ያላቸው 201 ነበሩ፤ የቀሩት ድቅል ተባሉ። የሚጠበቀው አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 200 ነው ካልን ዜድ 0.09፣ ፒ 0.93። እንከን የለሽ ይመስላል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 ያነሳው ጥያቄ፦ እያንዳንዱ ተክል የተለየው 10 ዘሩ ተዘርቶ ነው። የድቅል ተክል አሥሩም ልጆች ዶሚናንቱን ብቻ የማሳየት ዕድላቸው 0.75 ለ10ኛ ኃይል፣ ወደ 0.056 ነው። ስለዚህ ከድቅሎቹ 5.6 በመቶው ንጹሕ ተብለው ይቆጠራሉ፤ የሚጠበቀውም ድርሻ 0.371፣ ወደ 222 ተክል ይሆናል። በዚህ መነሻ ዜድ −1.82፣ ፒ 0.07 ገደማ። ቆጠራው ያው 201 ነው፤ አልፋ 0.10 ተብሎ ቢሆን ኖሮ ባዶ መላምቱ ይወድቅ ነበር።