ከጣርማ በር ወዲህና ወዲያ

የሐምሌ ጉም ደብረ ብርሃን ላይ ተኝቶ እስከ ረፋድ አልነሣ ሲል የእኔም ልብ አብሮት ይተኛል። ትናንት ማታ እህቴ ደውላ «ያቺን አሮጊት ዛሬም አልሸጥካትም?» ብላኛለች። ለእርሷ የሚሆን መልስ ሳሰላስል ሐሳቤ ሳላውቀው ወደ መኪናዋ ሕመም ዞረ።

መሪዋ ይንቀጠቀጣል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አስተያየት አለው፤ አንዱ የመሪው ጥርስ አልቋል ይላል፣ ሌላው የፊት እግሯ በሙሉ ይቀየር ይላል፤ ዕቃ መግዛት ከመጠየቅ ይቀልላቸዋል። መካኒኬ ጋሼ ግን ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት «የት ላይ ነው የሚያንቀጠቅጥህ?» ይላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ግማሹ ምርመራ እርሱ ነው። በጫጫ ሜዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ፍጥነቱ ከዚያ ሲያልፍ ወይም ሲቀንስ የሚተው ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማው ባላንስ፣ ማለትም የክብደቱ ሚዛን፣ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ይታያል፤ በኮረኮንች ላይ እየተንኳኳ መሪው ባዶውን የሚዞር ከሆነ ግን አንድ መጋጠሚያ ላልቷል ማለት ነው።

የእኔዋ ከሁለት በኩል ታማ ተገኘች። ጋሼ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ በመጀመሪያ ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ አልተነቃነቀም፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደህና ነው። ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲወዘውዘው ግን ቀጭን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔን መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ እንዳደርግ አዝዞ እርሱ ከሥር ተኝቶ በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለችውን መጋጠሚያ በጣቶቹ ያዛት። የላስቲክ ሽፋኗ ተቀዶ ግራሶው ከጭቃ ጋር ተለውሷል፤ ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ጎማው ዘግይቶ ይከተል ነበር። እርሷ ተቀየረች፣ ጎማዎቹም ባላንስ ተደረጉ፤ የመሪው ነገር በዚህ አበቃ።

የሞተሩ ነገር ግን አላበቃም። ሸዋ ሮቢት ላይ እንደ ወይፈን የምትፈነጭ መኪና ደብረ ሲናን አልፋ ዳገቱን ስትያያዘው ትንፋሿ ያጥራል፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከተፈለፈለው ዋሻ ስትደርስም ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትተን አየናቸው፤ አራቱም እኩል ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር ኖሮ የዚያን ሲሊንደር ጥፋት እንፈልግ ነበር፤ አራቱም እኩል ሲጠቁሩ ግን ጥርጣሬው ለሁሉም የጋራ ወደ ሆነው፣ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ይሄዳል። የአየር ፊልትሮውም ንጹሕ ነበር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዋሻው ያለበት ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ላይ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህሉ ይጎድላል፣ ካርቡራተሩ ግን ይህን ስለማያውቅ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። አዲሶቹ መኪኖች አየሩን በሴንሰር እየለኩ ቤንዚናቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የእኔዋ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራች ናት።

ታዲያ ይህ የማን ሕመም ነው? ምንም ዕቃ አልተበላሸም፣ የሚቀየርም የለም፤ ተራራው ላይ ግን መኪናዋ ታማለች። የካርቡራተሩን ቡሎን ማጥበቅ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲዞር ያለውን ድምፅ ያሳምራል እንጂ ዳገት ላይ አይረዳም፤ ዳገቱን የሚያግዘው ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠባብ መቀየር ነው። ለደብረ ብርሃን ተብሎ የጠበበ ቀዳዳ ደግሞ ቆላ ሲወርዱ ቤንዚን ያሳንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተርም ይግላል፣ ያንኳኳል።

ለየትኛው አገር እንደሚስተካከል ጋሼን ብጠይቀው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የት ነው የምታድረው?» አለኝ። የማድረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ጭነት ይዤ የምመላለሰው ግን ቆላ ነው። ሁለቱንም ቀዳዳዎች ገዝቼ ጣርማ በር ላይ በወጣሁና በወረድሁ ቁጥር እየቆምሁ ልቀያይር ብል፣ በዚያ ጉም ውስጥ ካቻቢቴ ይዤ ሞተር ላይ ሳጎነብስ የሚያየኝ የአውቶቡስ ሾፌር ምን ይለኝ ይሆን?